ዱንጉዛና ሀላቃ

ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰደረበት የጋሞ የእጅ ሽመና ነው። የምትፈትለው ሴት ናት፤ የሚሸምነው ወንድ። ጥጡ ከቆላው ወደ ደጋው ይወጣል፤ ልብስ ሆኖ መልሶ ይወርዳል። አርባ ምንጭ ያደረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃልና አልቆምበትም። የምቆመው ልብሱ መጀመሪያ ለማን ይሸመን ነበር በሚለው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከቀለሙ የሚበልጠው ውበት እዚያ አለ።

ሽማግሌዎቹ ዱንጉዛ ድሮ የካዎ፣ የሀላቃና የጀግና ልብስ ነበር ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚገባው። ብዙ ጸሐፊና ብዙ አስጎብኚ ሀላቃን «የጋሞ ንጉሥ» ብሎ ያልፈዋል። ሀላቃ ንጉሥ አይደለም። ጋሞ በአንድ ዙፋን ሥር ያደረ አገር አልነበረም፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ እያለ ወደ አርባ በሚጠጉ ደሬዎች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ሸንጎ አለው፤ ሸንጎው የሚቀመጥበት ሜዳም ዱቡሻ ይባላል። ካዎ በዘር የሚመጣ የበኩር ሰው ነው፤ ስለ ደሬው መሥዋዕት ያቀርባል። ሀላቃ ግን ይመረጣል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ ቄሱንና የቀበሌውን ሊቀ መንበር እንደማምታታት ነው።

ምርጫውም እንደ ዘመኑ ምርጫ አይደለም። ስሙ በዱቡሻ የተጠራ ሰው ደስ ብሎት አይነሣም፤ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ ዘመድ ይገባል። እምቢታው የወግ ብቻ አይደለም፤ ሊከፍለው ያለውን ያውቃል። ሀላቃ የሚሆን ሰው ደሬውን ያበላል። በሬ ያርዳል፤ ገብሱና እንሰቱ ይወጣል፤ ቅቤው ከቤቱ አልፎ ከዘመድና ከአማት ይሰበሰባል። ድግሱ የአንድ ቀን አይደለም። ከእርሱ በፊት በዚያ መንገድ ያለፉት ሰዎች በየተራ ድርሻቸውን ይበላሉ፤ ሲሾሙ እነርሱም አብልተዋልና። በመጨረሻ ራሱ በቅቤ ይለሰናል፤ የሰጎን ላባ ይሰካል፤ ሕዝብ እያየው ገበያውን ይዞራል። ዶርዜ ላይ ይህ የሚሆነው በመስቀል ሰሞን ነው። ዳን ስፐርበር የተባለው ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ምልክት ምንነት የጻፈው መጽሐፍ ከዶርዜ ከወሰዳቸው ምሳሌዎች አንዱ ይኸው በራስ ላይ የሚደረግ ቅቤ ነው። ፓሪስ ላይ የተከራከሩበትን ነገር እኛ በአንድ ቃል «ንጉሥ» ብለን መዝለላችን ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ሂሳቡን አስቡት። ሰውየው ሀብታም ሆኖ ይገባል፤ ጎተራው ተራቁቶ፣ ስሙ ከብሮ ይወጣል። ሀላቃነቱ ለልጁ አይተላለፍም፤ ጊዜው ሲደርስ ሌላ ይተካዋል። ልብሱም «ይህ ሰው አለው» አይልም፤ «ይህ ሰው ሰጥቷል» ይላል። ሸማኔውን፣ ፈታይዋን፣ ከብት አርቢውንና ቅቤ ሻጯን በአንድ ጊዜ ሥራ የሚያስይዝ ደጋሽ እርሱ ነበር። ይህ ዕድል ለሁሉም አልተከፈተም ነበር፤ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ከሹመቱ የተገለሉ ነበሩ፤ ይህንን መሸፋፈን አይገባም። ሽመና ግን እዚያ አያስንቅም ነበር።

የሌላ አገር መሳፍንት ሥልጣናቸውን በሥዕል ሲያጸኑ የሄዱበት መንገድ ተቃራኒው ነው። የሃንጋሪው ባላባት ፈረንጽ ናዳሽዲ እ.ኤ.አ. በ1664 የአገሩን ጥንታዊ መሪዎችና ነገሥታት ምስል የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ኑረምበርግ ላይ አሳትሟል። በሰባተኛው ዓመት በሀብስበርግ ንጉሠ ነገሥት ላይ አሢረሃል ተብሎ አንገቱ ተቀላ፣ ንብረቱም ተወረሰ። መጽሐፉ ግን ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ አለ። የሀላቃው ድግስ ተበልቶ ያልቃል። ለዚህም ይመስለኛል ሙዚየም የሚያስብ ሰው የማያየው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ጋሞን ሲይዝ ሸማኔው ሌላ ጌታ ተጨመረለት። ብዙው ወደ አዲስ አበባ ተሻገረ፤ የሸማኔዎቹ ሰፈር ሽሮ ሜዳ የዚያ ፍልሰት ልጅ ናት። በሸዋ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ደግሞ ጥለት ማዕርግ ይናገር ነበር፤ ቀይ ጥለት ያለውን ጃኖ ሁሉም አይደርበውም። የጋሞ እጅ የሌላውን መኳንንት ማዕርግ ይሸምን ጀመር። ከጋሞ የመጣውን ሁሉ «ዶርዜ» ብሎ መጥራትም የለመድነው ያኔ ነው፤ ዛሬም አልታረምንም። ዶርዜ አንድ ደሬ ነው። የዶኮ ሰው ፊት ይህን ስትሉ ፊቱን እዩት።

ደርግ ድግሱን እንደ ብክነትና ኋላ ቀርነት ቆጥሮ ከለከለው፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአንዳንድ ደሬ ተመለሰ፣ በሌላው ወንጌላዊ ምእመናን በእምነታቸው ምክንያት አይቀበሉትም። ሹመቱ ቢዳከምም የሽማግሌዎቹ ቃል አልረከሰም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዳር ባለችው ቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ።

ዱንጉዛው ራሱ ዛሬ የሚታዘዘው በሌላ መንገድ ነው። ዶርዜ ላይ እግሩን ከጉድጓዱ ሰድዶ መወርወሪያ የሚወረውር አንድ አረጋዊ አግኝቼ «አባባ፣ ይህ የማን ነው?» አልኳቸው። «የመሥሪያ ቤት ነው፣ ልጄ። ለእንግዳ ነው አሉኝ። ማን እንደሚለብሰው አላውቅም፤ ድሮ ሰውየውን አውቀው ነበር፣ ቁመቱንም ስሙንም» አሉኝ። እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም። ባለሥልጣን አርባ ምንጭ ሲገባ ዱንጉዛ ይደረብለታል፤ እንግዳን ማክበር መልካም ነው። ያለ ድግስ የተገኘ ክብር መሆኑን ግን ልባሹ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የከፋው በፋብሪካ ፖሊስተር ላይ የታተመው «ዱንጉዛ» ነው። ከሩቅ ያስታል፤ ስትነኩት አንድ ክር እንኳ በእጅ አልገባበትም። ለሠርግና ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን እርሱን ገዝታችሁ «ባህላችንን ለበስን» አትበሉ። ጨርቁን ገልብጡ፤ ቀለሙ ከጀርባው ከሳሳ ታትሟል ማለት ነው፣ ተውት። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ የሚወስደው አቀበት ረጅም አይደለም፤ ዶርዜም በመንገድ ላይ ነው። ሸማኔውን ቤቱ ሄዳችሁ እዘዙ፤ ስማችሁን ንገሩት፤ ቁመታችሁን ይለካችሁ፤ ቀብድ ስጡት፤ ለመስቀል ከፈለጋችሁ በሰኔ ሂዱ።