ከጉና ግርጌ እስከ መቅደላ
የተራራ መንገድ የአንድ ቀን ድካም

በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። በአቅራቢያው ያለችው የደብረ ታቦር ከተማ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም በተራራው ትከሻ የሚኖረው ገበሬ ገብሱንና ድንቹን በአህያ ጭኖ ገበያ ሲውል፣ ጠዋት የወረደው ቁልቁለት ማታ ዳገት ሆኖ ይጠብቀዋል። በክረምት መንገዱ ይጨቀያል፤ በበጋ ውርጭና ነፋስ ይፈራረቃሉ። በዚህ አገር ተራራ መውጣት መዝናኛ ሳይሆን የኑሮ ግዴታ ነው።

የአካባቢው ሕዝብ በተራራ መንገድ ላይ ካየው ድካም ሁሉ በታሪክ ጎልቶ የሚነሣው በ1860 ዓ.ም. የተደረገው ጉዞ ነው። ይኸውም አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጓዙበት ነው። መድፉ የተሠራው በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ሲሆን፣ ሠሪዎቹም ዋልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያንና አብረዋቸው የሠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ትሸከማለች ቢባል የ140 አህያ ጭነት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ተከፋፍሎ የሚጫን እህል ሳይሆን አንድ ወጥ ብረት ስለነበረ፣ በጋማ ከብት ሊጓጓዝ አልቻለም።

የቀኑ ሥራ

ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1860 መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ጉናን በስተቀኝ እያዩ ወደ ምሥራቅ ተነሡ። ከፊታቸው ሠረገላ የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቀን ሥራ ሁለት ክፍል ነበረው። መጀመሪያ መንገዱ ይሠራል፤ ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ቋጥኙ ይፈለጣል፣ ጎድጓዳው በድንጋይ ይሞላል። ቀጥሎ በመቶ የሚቆጠር ሰው ጠፍሩን ይዞ መድፉን ይስባል። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከሠራተኛው ፊት ቀድመው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

ዳገቱ ጉልበት ይጨርሳል፤ ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው። በዳገት ላይ ጭነቱ ቢያቅት ይቆማል፤ በቁልቁለት ላይ ካመለጠ ግን ፊት ያለውን ሰው ሁሉ ጨፍልቆ ገደል ይገባል። ስለሆነም ወደ ታች ሲወርድ ሰው የሚያስፈልገው ከፊት ለመሳብ ሳይሆን ከኋላ ለመያዝ ነው። ጭነት የሌለው እግረኛ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዞው በጨጨሆ ዳገት አልፎ ወደ ደብረ ዘቢጥና ወደ ዋድላ ቀጠለ። ከቤተ ሆር በኋላ ግን የባሰው መጣ። የጅዳ ሸለቆ 1,000 ሜትር ያህል ወደ ታች ተወርዶ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደላንታ ሜዳ የሚወጣበት ነው። ከደላንታ ወዲያ ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ አለ። መድፉ ሁለቱንም ተሻግሮ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ።

ወጪው በማን ላይ ወደቀ?

ይህ ሁሉ ሰው በየቀኑ መብላት ነበረበት። ከጉዞው በፊት በነበረው ጊዜ የቤጌምድር ገበሬ ሸፍቶ ነበር፤ አገሩም በሠራዊቱ ተዘርፎ ነበር። በሬው የታረደበትና ጎተራው የተገለበጠበት ገበሬ ለመንገድ ሥራ በፈቃዱ ሊወጣ አይችልም። ወታደሩም እየከዳ ቁጥሩ መነመነ። መንገዱ የተሠራው በግዳጅና በረሃብ መካከል ነው። ሴባስቶፖልም ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ በተደረገው ውጊያ የተደከመለትን ውጤት ሳያስገኝ ቀረ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

በአንጻሩ ከዙላ ጠረፍ ተነሥቶ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ትንንሾቹን መድፎች ፈታትቶ በበቅሎ ይጭን ነበር። ትልልቆቹን የተሸከሙት ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ናቸው። ይሁንና ይህም ጦር ጅዳንና በሽሎን የተሻገረው አፄ ቴዎድሮስ ባሠሩት መንገድ ነበር። በመድፍ ስም የተደከመበት ጉልበት ፍሬው መንገዱ ሆኖ ተገኘ፤ የተጠቀመበት ግን ሌላ ነው።

ለዛሬው ገበሬ

ከብዙ ዘመን በኋላ በቻይናውያን የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ ዛሬ በጉና ሰሜናዊ ግርጌ አልፎ ጨጨሆን ይወጣል። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ የሚኖረው ገበሬ ግን ዳገቱን የሚወጣው አሁንም በእግሩና በአህያው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የእግር መንገድ አሠራር ራሱን የቻለ የልማት ሥራ ነው።

ሰውና ከብት አቋራጭ ፍለጋ ተዳፋቱን ቀጥ ብለው ሲወጡ የሚረገጠው መሬት ሣር ያጣል። በክረምት ጎርፍ ያንኑ መስመር ይዞ ይወርድና መንገዱ በጥቂት ዓመታት ቦረቦር ይሆናል። አፈሩም ከጉና በሚነሡት በርብና በጉማራ ወንዞች ተጠርጎ ጣና ይገባል። ስለዚህ መንገዱ ተዳፋቱን አግድም እየተጠማዘዘ እንዲወጣ፣ በላይ በኩል የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ እንዲኖረው፣ በታች በኩልም በድንጋይ ካብ እንዲደገፍ ያስፈልጋል። ጥሩ መንገድ ርዝመቱ ቢጨምርም የአህያዋን ጀርባና የገበሬውን ጉልበት ይቆጥባል።

ሥራው የሚሠራበት ወቅትም ሊታሰብበት ይገባል። አዝመራ ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጥል፣ መንደሩ እንደ እርሻው ሁሉ በደቦና በወንፈል ቢወጣ ሥራው ይቀላል። በአንድ ቀን ጥቂት ሜትር ብቻ ቢሠራ እንኳ ኪሳራ አይደለም። ሴባስቶፖልን መቅደላ ያደረሰው በየቀኑ የተጠረገው አጭር መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ የጎደለው የሠሪው ጥጋብና ፈቃድ ሲሆን፣ የዛሬው የመንገድ ሥራ መጀመር ያለበት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።