ለሕፃኑ ከገንፎው ጋር ጨዋታም
መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በዋግ ኽምራዋ ከተማ ስም ነው። መቀንጨር ቁመትን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ እድገትንም ይጎዳል። ስለዚህ ምግብ ብቻውን አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የጃማይካ ጥናት ከቀነጨሩ ሕፃናት መካከል በአእምሮ እድገት ይበልጥ የተሻሻሉት ተጨማሪ ምግብም በየሳምንቱ የጨዋታ ጊዜም ያገኙት መሆናቸውን አሳይቷል።

ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ጎረቤት ለቡና ሲጠራራ እናት፣ አባት፣ አያትና ታላቅ እህት ሕፃናቱን ይዘው ይሰብሰቡ። በኽምጣናም ሆነ በአማርኛ እየዘፈኑ ያጨብጭቡ፤ ባዶ ጀሪካን ከበሮ ይሆናል። ሕፃኑ ድምፅ ሲያወጣ ዓይኑን እያዩ ይመልሱለት፤ ተራውንም ይጠብቁለት። ጨዋታ ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ከምድጃው ያርቁት፤ ሊውጠው የሚችል ጥቃቅን ነገርም አይስጡት።

ሕፃኑ ለድምፅ ምላሽ ካልሰጠ፣ ከከሳ ወይም እግሮቹ ካበጡ ግን ጨዋታ ሕክምናን አይተካም። ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።