የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አደራ፤ በወረፋ ያለ መልእክት በዲስክ ላይ እንዴት እንደሚጸና

በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ጠንቃቃ የሆነ መጋዘን ጠባቂ ቡናው ተመዝኖ ከጣራ በታች ሳይገባ ደረሰኝ አይቈርጥም። ደረሰኙን ቀድሞ ሰጥቶ ኬሻው በደጅ ሳለ ዝናብ ቢመታው ዕዳው የእርሱ ነውና። የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የሚቀበሉ ኮምፒዩተሮች፣ ማለት ሰርቨሮች፣ የሚሠሩት በዚሁ ደንብ ነው። መብራት በድንገት መጥፋቱ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ይህን አሠራር በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

አንድ የአጋሮ ነጋዴ የቡናውን ዋጋ የሚወስን ደብዳቤ በአዲስ አበባ ላለ ደንበኛው ጻፈ እንበል። ደብዳቤው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፈው ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. በሚባለው ደንብ ነው። ይህን ደንብ ጆን ፖስትል በ1982 እ.ኤ.አ. ጽፎ አወጣው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ታድሷል። ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤውን ሲረከብ «250» የሚል ቍጥር ይመልሳል። ይህ ቍጥር ደረሰኝ ነው። አስተላላፊው ሰርቨር ቍጥሩን እንዳገኘ የራሱን ቅጂ ከወረፋው ይሰርዛል፤ ከዚያ በኋላ አደራው የተቀባዩ ነው። ኮምፒዩተሩ ወድቆ ደብዳቤው ጠፋ ማለትን ደንቡ እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም።

ችግሩ ግን ይህ ነው። ፕሮግራሙ «ጻፍ» ብሎ ባዘዘ ጊዜ ጽሑፉ ወዲያው ከዲስኩ አይደርስም። የኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮግራም ሥራውን ለማፋጠን ሲል በሚሞሪ ያቈየዋል፤ ሚሞሪ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራም ኤፍሲንክ የሚባለውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ ትርጓሜውም «ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ሳያርፍ አትመለስ» እንደ ማለት ነው። «250» የሚላከው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ለምሳሌ ዊትሰ ቬኔማ የሠራውና በ1998 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ፖስትፊክስ ደብዳቤውን በወረፋው ፋይል ጽፎ ሲፈጽም፣ በፋይሉ ላይ የፍጻሜ ምልክት ያደርግና ሁሉን በአንድነት ያጸናል። ምልክት የሌለው ፋይል ያልተፈጸመ ጽሑፍ ስለሆነ አይላክም።

መብራቱ ቍጥሩ ከመላኩ በፊት ቢጠፋስ? አስተላላፊው ቅጂውን ስላልሰረዘ ቈይቶ እንደገና ይልካል። ደንቡ በሙከራዎቹ መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲታገሥ፣ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን ድረስም ተስፋ እንዳይቈርጥ ይመክራል። ደብዳቤው ከጸና በኋላ ቍጥሩ ሳይደርስ መብራት ቢጠፋ ደግሞ የአዲስ አበባው ሰው ያንኑ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ያገኛል። ይህ ማሰልቸቱ አይቀርም፤ የጠፋ ነገር ግን የለም።

ጥንቃቄው ዋጋ ያስከፍላል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር የሚፈጽመው በ8 ሚሊሴኮንድ ያኽል ነው፤ በየደብዳቤው እንዲህ መጠበቅ ሥራውን ያዘገያል። ስለዚህ ትእዛዙን ትተው ፍጥነትን የሚመርጡ አሉ። አንዳንድ ዲስክም በራሱ ትንሽ ሚሞሪ ብቻ የያዘውን «ጽፌአለሁ» ይላል፤ እንዲህ ሲሆን ያንን ሚሞሪ መዝጋት ወይም በባትሪ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በእኛ አስተያየት መብራት በሚቈራረጥበት ስፍራ የዘገየ ደረሰኝ ከሐሰተኛ ደረሰኝ ይሻላል። የዘገየውን ደብዳቤ ነጋዴው ይጠብቀዋል፤ «ደረሰ» ተብሎ የጠፋውን ግን ፈላጊ የለውም።