ለብስክሌት አሰልጣኝ መክፈል ያዋጣል?

ሙቀቱ በረድ ሲል የዱባይ የብስክሌት መንገዶች ይሞላሉ። በእረፍት ቀናቸው ብስክሌት ተከራይተው ብቅ ከሚሉት መካከል እህቶቻችንም አሉ። ጥቂት ሳምንታት ከነዱ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ አቅሜ እንዲጨምር አሰልጣኝ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?

ከሂሳቡ እንጀምር። አንድ አሰልጣኝ በወር 300 ድርሃም ጠየቀ እንበል። በዓመት 3,600 ድርሃም ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለብዙዎቻችን የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የእናት መድኃኒት ነው። ስለዚህ ለምኑ እንደምንከፍል አስቀድመን ማወቅ አለብን።

አሰልጣኝ የሚሸጠው በዋናነት ሦስት ነገር ነው፦ ዕቅድ፣ ክትትልና ጉትጎታ። ብዙዎቹ አብረዋችሁ እንኳን አይነዱም፤ የሳምንቱን ፕሮግራም በዋትስአፕ ይልካሉ። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለወሰደው ለኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እንዲህ ያለ ክትትል የሥራው አካል ነው። ለጀማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ልብና እግር የሚጠነክሩት ሳያቋርጡ በመንዳት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ የሚመጣውን ለውጥ አሰልጣኙ ያመጣው ይመስላል እንጂ ያለ እሱም ይመጣ ነበር።

የእኛ ትልቁ ችግር ዕቅድ ማጣት ሳይሆን ጊዜና እንቅልፍ ማጣት ነው። የኤምሬትስ የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የሚከፈልበት የእረፍት ቀን፣ በቀን ደግሞ ቢያንስ 12 ሰዓት እረፍት ይፈቅዳል፤ ከዚህ ውስጥ 8 ሰዓቱ ያልተቆራረጠ መሆን አለበት። ይህን የማታገኝ ሠራተኛ አሰልጣኝ ብትቀጥር ድካም ላይ ድካም ትጨምራለች። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መሥራት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ምንጣፍ ማንሳት እኮ ራሱ ጭነት ነው! ስለ ሥራ ሰዓታችሁና ስለ እንቅልፋችሁ ሳይጠይቅ ፕሮግራም የሚልክ አሰልጣኝ፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘባችሁ አይገባውም።

ታዲያ ያለ ክፍያ ምን ማድረግ ይቻላል? በእረፍት ቀን ሦስት ሰዓት ነድቶ ሳምንቱን ሙሉ ከመተኛት፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ መንዳት ይበልጣል። ማዳም ከፈቀደች በሳምንቱ መሃል ቤት ውስጥ ባለው የስፖርት ብስክሌት ላይ የሚሠራውም ይቆጠራል። አብዛኛውን ጊዜ እየነዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስክትችሉ ድረስ ቀስ በሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ደቂቃ ጠንከር፣ ሁለት ደቂቃ ቀስ እያላችሁ ስድስት ጊዜ ደጋግሙት፤ ይህን በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አታድርጉ። በወር አንድ ጊዜ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ነድታችሁ የፈጀባችሁን ደቂቃ ጻፉ። ናድ አል ሸባ ያለው የብስክሌት መንገድ 4፣ 6 እና 8 ኪሎ ሜትር ዙሮች ስላሉት ለዚህ ይመቻል።

ኮርቻውንም እዩ። ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ብዙ ጊዜ የጉልበት ፊት ለፊት ይታመማል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ የጉልበት ጀርባ። የብዙ ጀማሪ ሕመም ለአሰልጣኝ ሳይሆን ለመፍቻ የሚሆን ሥራ ነው። የመጀመሪያው ድርሃም ለሄልሜት ይውጣ፤ ሄልሜት ማድረግ ግዴታም ነው።

አሰልጣኝ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። ጭራሽ ብስክሌት መንዳት የማትችል ሴት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያስተምራት ሰው ብትከፍል ገንዘቡ አይባክንም፤ ይህ ከወርሃዊ ሥልጠና የተለየና የሚያልቅ ወጪ ነው። ለሁለትና ሦስት ወራት ሳታቋርጡ ነድታችሁ፣ በቂ እየተኛችሁ፣ የጻፋችሁት ደቂቃ አልቀንስ ካለ ወይም ለውድድር የምትዘጋጁ ከሆነ ደግሞ አንድ ወር ሞክሩ። የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቀውን እለፉት። የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ኮፒ አትስጡ። የመጀመሪያ ቀጠሮው ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ከጓደኛ ጋር ይሁን። ደረት የሚወጋችሁ፣ የሚያዞራችሁ ወይም ደም ማነስ ያለባችሁ ከሆነ ግን ከአሰልጣኝ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከ2020 ጀምሮ የሚካሄደው ዱባይ ራይድ መግቢያው ነጻ ነው፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ግን ያስፈልጋል። በሼክ ዛይድ መንገድ ላይ የሚነዳው ዙር 12 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ለቤተሰብ የተዘጋጀው 4 ኪሎ ሜትር ነው። የሚነሳው በማለዳ ስለሆነ ከማዳም ጋር ፈቃዱን ቀደም ብሎ መነጋገር ይሻላል።