ለአምሳ ዓመቱ ጀማሪ ሾፌር

ይፋት ቆላ ላይ የቤት መኪና ዘግይቶ ነው የሚገዛው። ልጅ ከውጭ ይልካል፣ ማሾው ወይም ሽንኩርቱ አንድ ዓመት ደህና ዋጋ ያወጣል፣ ጡረታ የቀረበው መምህር ከቁጠባ ማኅበሩ ይበደራል፤ መንጃ ፈቃዱም የሚወጣው ያኔ ነው። የእኔ ሥራ የተጋጨ መኪና አይቶ ጉዳቱን መገመት ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው መንገድ የማገኛቸው ጀማሪዎች አብዛኞቹ ልጅ አድርሰዋል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ኢንሹራንሱ የሚረክሰው የትኛው መኪና ነው?»

ዕድሜያቸው አረቦን የሚያስጨምርባቸው የሚመስላቸው አሉ። እንግሊዝ አገር የሚኖር ዘመድ ኩባንያዎቹ የሾፌሩን ዕድሜ፣ ሰፈሩንና የመንጃ ፈቃዱን ዓመት መዝነው ዋጋ እንደሚቆርጡ ነግሯቸዋል። እኛ ጋ ሂሳቡ የሚጀምረው ከመኪናው ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት ያወጣል፣ ስንት ዓመት አገልግሏል፣ ምን ይሠራበታል። አዲሱ መንጃ ፈቃድ የሚቆጠረው በኋላ ነው። ብዙ ውሎች ላይ ልምድ የሌለው አሽከርካሪ ሲያጋጭ ባለመኪናው ከኪሱ የሚሸፍነው ድርሻ፣ ኤክሰስ የምንለው፣ ከፍ ይላል። ይህቺን አንቀጽ ከመፈረማችሁ በፊት አስነብቡ። በተለይ መኪናው በእናንተ ስም ሆኖ የሚነዳው ገና ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣው ልጃችሁ ከሆነ።

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ላይ መከራከር ትርፍ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ አረቦኑም በመንግሥት ታሪፍ ስለሚወሰን የትኛውም ኩባንያ ብትሄዱ ያው ነው። ኩባንያዎቹ በዋጋ የሚወዳደሩት የራሳችሁን መኪና ጉዳት በሚሸፍነው ሙሉ መድን ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። አገር ውስጥ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ግቢ ውስጥ ቆሞ እንኳ ዋጋው ተሰቀለ፤ መለዋወጫውም አብሮት። ባለመኪናው ግን ውሉን ሲያድስ አረቦኑ እንዳይበዛበት የድሮውን ዋጋ ያስጽፋል። የሚከተለውን በቁጥር ላሳያችሁ። መኪናው ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፤ ባለቤቱ 1 ሚሊዮን ብሎ አስመዘገበው። ተጋጭቶ ጥገናው 300 ሺህ ብር ጠየቀ። ዋጋው በግማሽ ስለተመዘገበ ካሳውም በግማሽ ይሰላል፤ 150 ሺህ። ከዚያ ላይ ኤክሰሱ ይነሳል፤ ያረጀ ዕቃ በአዲስ ከተተካም የእርጅና ተቀናሽ አለ። ሰውየው «በየዓመቱ ሳላጓድል ከፍያለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ የከፈለው ግን ለግማሽ መኪና ነበር። ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ይህን ለአንድ ጋሼ ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ክፍል ነው።

ስለዚህ ኢንሹራንሱ ርካሽ የምለው መኪና እውነተኛ ዋጋውን አስጽፋችሁ አረቦኑን በየዓመቱ የምትችሉትን ነው። አረቦኑን ለመቻል ዋጋውን መቀነስ ካስፈለገ መኪናው ከአቅማችሁ በላይ ነው ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ፈልጉ።

ዝቅ ያለው የትኛው ነው? የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ አሁንም ቆላ ላይ ክብር አለው። ላሜራው ወፍራም ነው፣ እዚሁ ከተማ ቀጥቅጦ የሚያቃናው ሰው አይጠፋም፣ ዕቃው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ችግሩ፦ ብዙ ኩባንያዎች ይህን ያህል ላረጀ መኪና ሙሉ መድን ለመስጠት ያቅማማሉ፤ ቢሰጡም የእርጅና ተቀናሹ ካሳውን ይበላዋል። ለዲኤክስ እኔ የምመክረው ሦስተኛ ወገን፣ ከተገኘ የእሳትና የስርቆት ሽፋን ጨምሮበት፣ የቀረውን ገንዘብ ለጥገና በባንክ ማስቀመጥ ነው። (ይህን ስል አለቆቼ ደስ አይላቸውም።) ቪትዝ ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ትንሽ፣ አውቶማቲክ፣ ለማቆም የማያስቸግር። ሱዙኪ ዲዛየር አዲስ አበባ ውስጥ ለታክሲ ሥራ በብዛት ስለገባ ዕቃውንም የሚያውቀውንም መካኒክ ማግኘት ቀሏል። ብርቅ የሆነ ሞዴል በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ግን ያሳስበኛል። የአንድ የፊት መብራት አለመገኘት መኪናውን ሁለት ወር ያቆመዋል።

ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ከጣርማበር ወደ ቆላ ሲወርድ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪውን ይሞላለታል፤ ይህ ለአገራችን የተመቸ ነገር ነው። ነገር ግን ባትሪው ከሆዱ ሥር ነው የተዘረጋው፤ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ የያዘውም እሱ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ማሳ ድረስ የሚሄድ ሰው ድንጋይ ሲመታው ጉዳቱን መርምሮ የሚወስን ባለሙያ ቅርብ አያገኝም። መኪናው በተሳቢ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። የመጎተቻውን ወጪ ውሉ እስከ ስንት ብር እንደሚሸፍን የሚጠይቅ ገዢ እስካሁን ብዙም አልገጠመኝም።

መንገዱም ይታሰብ፦ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጣሊያን የሠራው የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 በላይ ነው። ዘግይቶ የጀመረ ሾፌር ጠንቃቃ ነው፣ አይፈጥንም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ጥንቃቄው ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ይሆንና ደብረ ሲና ሳይደርስ ፍሬኑ ይግላል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ቢሆንም ማርሹን ዝቅ አድርጎ መያዝ ይቻላል። መኪና ስትመርጡ ይህን የሚፈቅደውን ምረጡ፤ ሻጩንም አሳየኝ በሉት።

ከዳገቱ በታች ደግሞ ግመል አለ። ማታ ከጀውሃ ወዲያ መንገድ ላይ የቆመ ግመል መብራት ላይ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ ሲመታ ገላው ኮፈኑን አልፎ መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ያየሁት ጉዳት ሁሉ ጣሪያው ድረስ ነው። የግመሉም ባለቤት ካሳ ይጠይቃል። የሦስተኛ ወገን ሽፋን ጣሪያ አለው፤ የባለመኪናው ኃላፊነት ግን እዚያ ላይ አይቆምም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን የሚጠይቀው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ከግዴታው በላይ ተጨማሪ የኃላፊነት ሽፋን ይሸጣል፤ ከዋናው አረቦን አንጻር ብዙ አይደለም። ከጌጥ ጎማና ከሙዚቃ በፊት እሱን ግዙ።

አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ እትዬ «ወንድሜ፣ የራሴን ዕቃ በራሴ መኪና ብጭን ማን ይከለክለኛል?» ብላኛለች። የራሷን ማንም። ግን መኪናዋ ኮድ 2 ነው፤ የጎረቤት ከረጢት በክፍያ ከጫነች ወይም ገበያተኛ አሳፍራ ሂሳብ ከተቀበለች ለቤት አገልግሎት የተገባው ውል ያን ጉዞ አይሸፍንም። ቆላ ላይ በገበያ ቀን ይህ የማይደረግበት መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የማልፈው ጉዳይ አይደለም። ኪራይ ካሰባችሁ ገና ሲጀመር ተናገሩ፤ አረቦኑ ይጨምራል፣ ውሉ ግን ይሠራል።

ሌላውን አደጋ ቆላ ላይ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል፣ የሰሜኑ ጦርነትም በ2014 ኅዳር ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብዙ ንብረት ጠፋ። የተለመደው ሙሉ መድን ጦርነትን አይሸፍንም፤ ሁከትና የፖለቲካ ግጭትም በተለየ ክፍያ የሚጨመር ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ካልተገዛ ደግሞ በኋላ አይገኝም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሊብሬውን ኮፒ ከሻጩ ተቀበሉና ሁለት ሦስት ኩባንያ ዘንድ ሄዳችሁ በዛሬው ዋጋ አረቦኑን አስሰሉ። ማስሰላት አያስከፍልም። ደላላው ይቸኩላል፤ ይቸኩል።