እንግሊዝኛ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ፦ በየደረጃው ምን ላይ እናተኩር?
የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ከየት ልጀምር?» ብለው ነው። መጀመሪያ ደረጃችሁን እወቁ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት እርከኖች አሉት።

🔹 ጀማሪ (ኤ1–ኤ2)፦ በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ልጁ ዳቦ በላ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «በላ» ከ«ዳቦ» ይቀድማል። ይህ ቅደም ተከተል እስኪዋሃዳችሁ ድረስ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ።

🔹 መካከለኛ (ቢ1–ቢ2)፦ ብዙዎች ሰዋስው እያወቁ መናገር የሚከብዳቸው እዚህ ነው። በየቀኑ አዳምጡ፤ የሰማችሁትን መልሳችሁ ተርኩ።

🔹 ከፍተኛ (ሲ1–ሲ2)፦ በሙያችሁ ዘርፍ አንብቡ፤ ያነበባችሁትን በራሳችሁ አገላለጽ ጻፉ።

ስህተትን አትፍሩ። ተሳስታችሁ ያረማችሁት ቃል የራሳችሁ ይሆናል።