ለየትኛው ማሽን የተሰጠ ነጥብ?

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ጌም ቤት በር ላይ አባትና ልጅ ሲከራከሩ ደረስኩ። ልጁ ያገለገለ የፊፋ 19 ዲስክ ለቤታቸው ፕሌይስቴሽን 3 እንዲገዛለት ይለምናል፤ ስልኩን እያሳየ «ከመቶ ሰማንያ ምናምን አምጥቷል እኮ!» ይላል። አባትየው ወደ እኔ ዞረው «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ይሄን ማርክ የሚሰጠው ማን ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከአዳማ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ተከተለኝ።

ልጁ አልዋሸም። ፊፋ 19 ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ከ80 በላይ አለው። ነጥቡ ግን የፕሌይስቴሽን 4 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለፕሌይስቴሽን 3 የወጣው «ሌጋሲ ኤዲሽን» የሚባለው ነው፤ አሳታሚው ኢኤ ራሱ እንዳስታወቀው ማሊያውና የተጫዋቾች ዝርዝሩ ታደሰ እንጂ አጨዋወቱ ላይ አዲስ ነገር አልተጨመረም።

በ2001 የተጀመረው ሜታክሪቲክ የሐያስያንን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ ያወጣል። ሁሉንም እኩል አይመዝንም፤ ለማን ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥም አይገልጽም። ይህ ቁጥር የሰው እንጀራ እስከ መንካት ደርሷል። በ2010 የወጣውን «ፎልአውት ኒው ቬጋስ» የሠራው ኦብሲዲያን ከአሳታሚው ቤተስዳ ጉርሻ የሚያገኘው ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካመጣ ነበር። 84 አመጣ። ጉዳዩን በ2012 ይፋ ያወጣው ከኦብሲዲያን መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ነው። በአንድ ነጥብ!

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የ«ሳይበርፐንክ 2077» ነገር ነው። በታኅሣሥ 2020 ከመውጣቱ በፊት ሐያስያን እንዲሞክሩት የተሰጣቸው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ነጥቡም 90 አካባቢ ደረሰ። ያንን አምኖ ለፕሌይስቴሽን 4 የገዛው ሰው የሚንተባተብና በየመሀሉ የሚዘጋ ጨዋታ ጠበቀው። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንቱ ገደማ ከመደብሩ አነሳው።

ነጥብ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። በ2021 «ኢፉትቦል» የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ሲወጣ ሐያስያንም ተጫዋቾችም በአንድ ድምፅ ጣሉት፤ ልክም ነበሩ።

እኛ አገር የሚጫወተውን ግን ማን ፈተነው? እዚያችው ጌም ቤት ገባሁ። ማራገቢያው በዚያ ሙቀት ከሰው ይልቅ ወደ ማሽኑ ዞሯል፤ የአንዱ ጆይስቲክ ላስቲክ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ቤቱን የሚያስተዳድረው ወጣት እንዲህ አለኝ፦

«እዚህ ጌም የሚፈተነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሁለት ልጅ ይጫወታል፣ ስድስት ልጅ ከኋላ ቆሞ ‹ቀጣይ እኔ ነኝ› ይላል። ሂሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈ ነው። ጌሙ ካጭበረበረ፣ የገባ ጎል ከከለከለ፣ ብሩ የሚወጣው ከልጁ ኪስ ነው።»

ስለ ነጥቡ ስጠይቀው ድምፁ ከፍ አለ። «እነሱ ኦንላይን ተጫውተው ነው ማርክ የሚሰጡት፤ እኔ ኦንላይን የለኝም። የኳስ ጌሙ ፔስ 2018 ላይ ነው ያለነው፣ ለፒኤስ ስሪ ከዚያ በኋላ ፔስ አልወጣም። ፓች በፍላሽ አምጥተን እንጭናለን፤ ዝውውሩም ማሊያውም ይስተካከላል። ልጆቹ ከአዲሱ ይልቅ ይሄን ይመርጣሉ። ለዚህ ስንት ሰጡት? ማንም አላየውም!»

በየጌም ቤቱ የሚገባውን ጨዋታ የሚያይ አካል አለ ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው አንድ የከተማ ኃላፊ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ደግሜ ብደውልም አላነሱም።

እኔ ለልጆቹ አደላለሁ። ለቅጂ የተከፈለ ብር ተመላሽ የለውም፤ ለብዙ ቤተሰብ ደግሞ ከወር ወጪ ላይ የሚነሳ ገንዘብ ነው። የውጭ ሐያሲ ነጥብ የሚሰጠው በያዘው ማሽን፣ ባለው ኢንተርኔት፣ ጨዋታው በወጣበት ሰሞን ነው። ለእሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአዳማ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ጨዋታ ነጥብ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቤታችሁ ባለው ዓይነት ማሽን ላይ ግማሽ ሰዓት ይሞከር። እናንተ በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ጌም ቤቶች ያደጋችሁ ደግሞ፣ የተጫወታችሁትን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፉልን፤ በየትኛው ማሽን፣ ከየትኛው ፓች ጋር፣ በኢንተርኔት ይሁን ያለ ኢንተርኔት እንደተጫወታችሁት ሳትነግሩን ግን ነጥብ አትስጡ።